የክሊኒኩ ፎርምና ሁለቱ እህትማማቾች

ታላቅየዋ ኮድ መጻፍ የጀመረችው ታናሿ ገና የትምህርት ቤት ቦርሳ ተሸክማ ስትመላለስ ነው። ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ሲበላሽ የምትጠራው እሷ፣ እናታቸው ለጎረቤት «ልጄ እኮ!» ብላ የምታወራላትም እሷ ነበረች። ቤቱ በሙሉ ሚጡ የሚላትን ታናሽ እህቷን አጠገቧ አስቀምጣ የመጀመሪያዋን የኮድ መስመር ያስጻፈቻት እሷው ናት። ኋላም አለቃዋን ለምና እዚያው ፕሮግራም የምትሠራበት መሥሪያ ቤት አስቀጠረቻት። ያኔ ከልቧ ደስ ብሏት ነበር።

ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ አምስት ጠረጴዛ የተፋፈገበት ጠባብ ክፍል ነው። ሚጡ በገባች በስምንት ወሯ አለቃው ነገር ሲቸግረው አንገቱን ወደ እሷ ጠረጴዛ ማዞር ጀመረ። ታላቅየዋ አንድም ጊዜ አላመለጣትም። ይባስ ብላ እናታቸውም ስልክ ስትደውል «ሚጡ እንዴት ናት? ሥራ አልከበዳትም?» ማለት አበዛች። ለታላቅየዋ «አንቺስ?» የሚላት የለም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ቢሮው ፕሮግራም ከሚሠራለት ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይዋ ደወለች። ክሊኒኩ በኮምፒውተር የሚሞላውን የቀጠሮ ፎርም የሠራችው ታላቅየዋ ናት።

«ኧረ ምን ጉድ ነው?» አለች ሴትዮዋ። «ሐኪም ምረጪ በሚለው ቦታ ላይ በሽተኛው ሁሉ ተደርድሯል። አሁን አንዱን የቧንቧ ሠራተኛ ለራሱ ሐኪም አድርጌ መዘገብኩት። ወረቀቱን አይቶ ‹ራሴን ነው እንዴ የማክመው?› ብሎ ሳቀብኝ!»

ታላቅየዋ ፎርሙን ፈታ ገጣጠመችው፤ ምንም የለም። ማክሰኞንም እንዲሁ ስትታገል ዋለች። ረቡዕ ጠዋት ሚጡ ሻይዋን እንደያዘች ከኋላዋ መጥታ ቆመች።

«እትዬ፣ ፎርሙ እኮ ጤነኛ ነው» አለቻት። «ቁልፉን ያሰርሽው ‹ሰው› ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ታካሚዎቹንም ከ‹ሰው› እንዲወርሱ አደረግሽ። ሰው ካልሽው ሰውን ሁሉ ያመጣልሻላ!»

እውነቷን ነው። ስምና ስልክ የሚቀመጥበት «ሰው» የሚባል አንድ ሞዴል፣ ማለትም የመረጃ መዝገብ፣ አለ፤ ሐኪም፣ ነርስና ታካሚ ስምና ስልኩን ከእሱ የሚወርሱ ልጆች ናቸው። ቀጠሮን ከሐኪም ጋር የሚያገናኘው ቁልፍ፣ ፎሪን ኪ የሚሉት፣ ግን የሚያመለክተው ወላጁን «ሰው»ን ነበር።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። «ይቺን ልጅ ከየት አመጣሽልን!» አለ አለቃው። «ሚጡ፣ እንግዲያው አንቺው ጨርሺው።»

ታላቅየዋም አብራ ሳቀች። ፋይሉን ለሚጡ የላከችላት ግን ፊቷን ሳታዞር ነው።

ሚጡ ከምሳ በፊት ጨረሰችው። ዝርዝሩ ሐኪሞችን ብቻ እንዲያሳይ አደረገችና እህቷ እንድታየው ላከችላት። ታላቅየዋ ገና አንብባ ሳትጨርስ ክፍተቱ ታያት። መርፌና ቁስል ማጠብ የሚሠሩት ነርሶቹ ናቸው፤ የእነሱም ቀጠሮ የተያዘው በዚያው ቦታ ላይ ነው። ፎርሙ እነዚያን ቀጠሮዎች አልቀበልም ማለቱ አይቀርም። «ነርሶቹስ?» ብላ መጠየቅ ብቻ ይበቃ ነበር። አንድ ጊዜ እሷም ትሳሳት፣ ምን አለበት አለች በሆዷ።

«ጥሩ ነው» ብላ ጻፈችላት፤ ሚጡም ያንኑ ቀን ለክሊኒኩ ላከችው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንግዳ ተቀባይዋ እንደገና ደወለች፤ አሁን ግን ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ የለም። የእግራቸውን ቁስል ቀን በቀን የሚታጠቡ አንዲት እናት ቀጠሯቸው አልከፈት ብሎ፣ ከጠዋት ጀምሮ ወንበር ላይ ተቀምጠው ውለው ሳይታከሙ ተመልሰዋል።

አለቃው ወደ ሚጡ ዞረ። «ሳትሞክሪው ነው የላክሽላቸው?»

«ነርሶቹን... አላሰብኳቸውም» አለች ሚጡ። ልጅ ሆና ስትቆጧት እንደምታደርገው እጆቿን እጅጌዋ ውስጥ ሸሸገች።

ታላቅየዋ ስትጠብቀው የነበረው ደስታ መጣ። አንድ ትንፋሽ ያህል እንኳ አልቆየም። እኚያ እናት በቆሰለ እግራቸው የክሊኒኩን ደረጃ ሲወርዱ ታዩዋት።

«እኔ አይቼው ነበር» አለች ጮክ ብላ። «ትናንት አይቼው ነው ዝም ያልኩት።»

ሚጡ ቀስ ብላ ዞረች።

«አውቀሽ?»

«አውቄ።»

«ምን አደረግኩሽ?»

«ምንም። ቀናሁብሽ።»

«እኔ እኮ ሁለተኛ ያላየሁት አንቺ ጥሩ ነው ስላልሽኝ ነው» አለች ሚጡ።

ያን ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠው ፎርሙን አስተካከሉት። በ«ሰው»ና በልጆቹ መካከል «ባለሙያ» የሚባል ሞዴል አስገቡ፤ ሐኪምና ነርስ ከእሱ ወረሱ፣ የቀጠሮውም ቁልፍ እሱ ላይ ታሰረ። ታላቅየዋ ራሷ ክሊኒኩ ደውላ እኚያ እናት እንዲጠሩ አደረገች። በማግስቱ ጠዋት ታከሙ። አለቃው ደግሞ ታላቅየዋን ለአንድ ወር የሌላ ሰው ሥራ አይታ እንዳታጸድቅ ከለከላት፤ አልተከራከረችም።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሚጡ ከእሷ ቀድማ እየወጣች ለብቻዋ ታክሲ ያዘች። እናታቸው «ምን ሆናችሁ?» ብትል ሁለቱም «ምንም» አሏት። ወሩ ካለፈ በኋላ ሚጡ ወንበሯን ጎትታ መጣች።

«እትዬ፣ ይቺን ኮድ እይልኝ። ያየሽውን ግን እንዳትደብቂኝ።»

ታላቅየዋ አነበበች። እሷ ልትጽፈው ከምትችለው የተሻለ ነበር፤ ይሄም ያው አንገበገባት። ሁለት ስህተት አገኘች። ሁለቱንም ነገረቻት።