የአባቴ ቤትና የአጎቴ ሽምግልና

አባታችን ሞጣ ላይ የተወልንን ቤት ወንድሜ ብቻውን ያዘው። ልከሰው ስነሳ አጎታችን ለመኑኝ። "ልጄ፣ የእህትና የወንድም ነገር ከቤት አይወጣም። እኔ አስታርቃችኋለሁ፤ ብቻ ፋሲካ ይለፍ" አሉ። ፋሲካ ሲያልፍ አዝመራ ይሰብሰብ አሉኝ፤ አዝመራው ሲሰበሰብ ልጄን ልዳር አሉ። እሳቸውን አክብሬ ሦስት ዓመት አለፈኝ።

በመጨረሻ ስከሰው ወንድሜ፣ "ሦስት ዓመት አልፏታል፤ ክሱ በይርጋ ይታገድልኝ" ብሎ መልስ ሰጠ። መብት ቀን እንደሚቆጠርበት ያን ዕለት ሰማሁ።

"በሽምግልና ተይዤ ነው የዘገየሁት" አልኩ።

"ማን ይመሰክርልሻል?" አሉኝ ዳኛዋ።

"አጎቴ።"

የወንድሜ ጠበቃ ብድግ አለ። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ እሳቸውማ የእኛ ምስክር ናቸው።"