ደፍርሶ የሚወጣው ውሃ

ኤርሚኒያ ባላሪን ለእንግዳ የምታከራያት አንዲት ክፍል ነበረቻት፤ ከወጥ ቤቷ በላይ ያለች፣ መስኮቷ ወደ ቦዩ የሚያይ። ቬኒስን ሊያዩ የሚመጡት እንግዶች ጎማ ያለው ሻንጣቸውን በድንጋዩ ላይ እያንገጫገጩ ይገባሉ፤ ሁለት ቀን አድረው፣ ፎቷቸውን አንስተው ይሄዳሉ። ስማቸውን ለመያዝ እንኳ ጊዜ አይሰጡም። በጥቅምት መጀመሪያ የመጣችው ሆላንዳዊት ግን አንዲት ቦርሳ አንጠልጥላ ብቻዋን ገባችና ስድስት ሳምንት እቆያለሁ አለች።

«ስድስት ሳምንት ሙሉ ምን ሊሠሩ?» አለቻት ኤርሚኒያ።

«በቀን አንድ መንገድ እሄዳለሁ። ከደከመኝ ደግሞ ግማሹን።»

ሲትስከ ትባላለች። ስልሳዎቹን ያጋመሰች፣ ቁመተ ረጅም፣ ጣልያንኛውን ቃል በቃል እየመረጠች የምትናገር ሴት ናት። ጠዋት ትወጣለች፤ ከሰዓት ተመልሳ ከበሩ ፊት ለፊት ወደ ውሃው በሚወርደው ደረጃ ላይ ትቀመጣለች። መጽሐፍ አትገልጥ፣ ስልክ አትነካካ፤ ዝም ብላ ታያለች።

ከኤርሚኒያ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ጀልባ ጠጋኙ ጂጂዮ፣ ከሱቁ በር ላይ ሆኖ ይሳለቃል። «ኤርሚኒያ፣ እንግዳሽ ውሃውን ልትገዛው ነው እንዴ? በዓይኗ ጨረሰችው እኮ!»

«አንተ ሥራህን ሥራ፣ ምላሳም!»

ኤርሚኒያ ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት። ባሏ የጭነት ጀልባ ይነዳ ነበር፤ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ። ልጅ አልወለደችም። ቤቱ ከአያቷ ለእናቷ፣ ከእናቷ ለእሷ የመጣ ነው። በዚያ ቦይ ዳር ከነበሩት ጎረቤቶቿ ሦስቱ በየተራ «መሠረቱ እስኪጠገን ሁለት ወር ብቻ» ተብለው ከድልድዩ ማዶ፣ የብስ ላይ ካለው ከተማ ሰፍረዋል። አንዳቸውም አልተመለሱም። ስለዚህ ጥገና የሚባለው ቃል ከሞት ይልቅ ያስፈራት ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሲትስከ ከደረጃው ተነስታ ወጥ ቤት ገባች። ፊቷ ተለዋውጧል።

«እሜቴ ኤርሚኒያ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት።»

ባሕሩ ጎድሎ በቦዩ ውስጥ ያለው ውሃ ዝቅ ብሏል። ከመጨረሻው ደረጃ ሥር፣ አረንጓዴ አልጌ በያዘው ድንጋይ መሐል፣ ጡጫ የምታህል ቀዳዳ አለች። ከውስጧ ውሃ ይወጣል።

«ሲሞላ ይገባል፣ ሲጎድል ይወጣል። መቼም እንዲህ ነው» አለች ኤርሚኒያ።

«መግባቱስ ይግባ። ቀለሙን ይዩት እንጂ። የሚገባው ጥርት ያለ ነው፤ የሚወጣው ደፍርሶ ነው። አባቴ እኛ አገር የባሕር መከላከያ ግድብ ጠባቂ ነበር። ግድቡ ጥርት ያለ ውሃ ቢያፈስ አይደነግጥም ነበር። አፈር ይዞ ከወጣ ግን ምሳውን ጥሎ ይሮጥ ነበር። ቤትዎ ከሥሩ እየተበላ ነው።»

«ይሄ ቤት አራት መቶ ዓመት ቆሟል» አለች ኤርሚኒያ፣ ቀዝቀዝ ብላ። «የእርስዎ አገር ግድብ ስንት ዓመቱ ነው?»

ሲትስከ ወደ ደረጃዋ ተመለሰች። በማግስቱ ግን በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር ባገኘችው ስንጥቅ ጫፍ በእርሳስ ትንሽ መስመር አሰመረች። በአራተኛው ቀን ስንጥቁ መስመሩን አልፎ ሄዶ ነበር።

ኤርሚኒያም አየችው። ያደረገችው ግን ለማንም የማይነገር ሆነ። እንግዳዋ እስክትወጣ ጠብቃ ጂጂዮን ጠራችው።

«እርጥበት የግድግዳውን ልስን እያነሳው ነው፤ ጀሶ ለስንልኝ።»

«እርጥበት ነው?» አለ ጂጂዮ ስንጥቁን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ።

«እና ምን ይሆናል?»

ጂጂዮ ለሠላሳ ዓመት ጎረቤቱ ሌላ ጥያቄ አልጨመረም። ጀሶውን በጥብጦ ለሰነላት፤ እሷም በነጭ ቀለም አለበሰችው።

ሲትስከ ተመልሳ ግድግዳውን አየችና የእርሳስ መስመሯ የነበረበትን ቦታ በጣቷ ነካች። «ለሚመለከተው ቢሮ እኔ ልናገር?» አለች።

«እርስዎ እንግዳ ነዎት!» ኤርሚኒያ ጮኸች። «ነገ ቦርሳዎን አንስተው ይሄዳሉ። እኔ ወዴት ነው የምሄደው? ከማላውቀው ፎቅ ላይ ሆኜ የመኪና ጭስ ልቁጠር? ከተናገሩ ዓይንዎን አላይም!»

ሲትስከ ለቢሮው አልተናገረችም፤ ትታም አልሄደችም። በሩ እየከበደ መጣ፤ መጀመሪያ በእጅ፣ ኋላ በትከሻ ካልተገፋ አይከፈትም። ኤርሚኒያ ከአልጋዋ ሆና ከወለሉ በታች ውሃው ሲምግ ትሰማለች፤ ጥርስ የሌለው ሰው ሾርባ የሚጠጣ ይመስላል። «ዱሮም እንዲህ ነበር» ትላለች ለራሷ። እንዳልነበረ ግን ታውቃለች።

በኅዳር ወር፣ አንድ ቀን ማለዳ የጎርፉ ማስጠንቀቂያ ጮኸ። ባሕሩ ከቦዩ ዳር ተርፎ እስከ በሩ ደፍ ድረስ መጣ፤ ከዚያ ነፋሱ ዞረና ማንም ባልለመደው ፍጥነት መጉደል ጀመረ። እኩለ ቀን ላይ ኤርሚኒያ ሰርዲን ልታበስል ሽንኩርት ትከትፋለች። ጠረጴዛው ላይ ያለው አንድ ሽንኩርት ማንም ሳይነካው ተንከባለለና ወደቀ። አንስታ መለሰችው። እንደገና ተንከባለለ።

«ኤርሚኒያ! ውጪ!»

ከደረጃው ሲትስከ ናት። አንቱታውን ጥላዋለች።

የፊቱ በር በትከሻም በእግርም አልነቃነቅ አለ። የቀረው በጓሮው ጠባብ ስርጥ መንገድ በኩል ያለው በር ነው፤ እሱ ደግሞ ማጠፊያው ዝጎ ከተከፈተ ዓመታት አልፎታል። ሲትስከ ወደ ሱቁ ሮጣ ጂጂዮን በክንዱ ጎተተችው። «መጥረቢያ! በጓሮ በኩል!» ጂጂዮ በአንድ እጁ የቀለም ብሩሹን እንደያዘ፣ በሌላው መጥረቢያውን አንስቶ ተከተላት። የጓሮውን በር ሦስት ጊዜ መታው፤ በአራተኛው በሩ ተሰነጠቀ፤ ኤርሚኒያን ብብቷን ይዘው አወጧት።

ያን ጊዜ ድምፁ ተሰማ። እርጥብ አንሶላ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲተረተር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው፤ ኤርሚኒያ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። የቦዩ ዳር ከነደረጃው ሰመጠ፤ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ተከተለ፤ የጂጂዮ ሱቅ ጣሪያ፣ በጥገና ላይ ከነበሩት ሁለት ጀልባዎች ጋር፣ ወደ ጭቃው ተደፋ። ሦስቱም በስርጥ መንገዱ ውስጥ በአቧራ ነጥተው ቆሙ። የሞተ ሰው አልነበረም።

የእሳት አደጋው ሹም ማስታወሻውን ይዞ መጣ። «ምልክት አላያችሁም?»

ሲትስከ መሬት መሬት አየች። ጂጂዮ «ኧረ ምንም!» አለ።

«እኔ አይቻለሁ» አለች ኤርሚኒያ። «ስንጥቁን በጀሶ ያስደፈንኩት እኔ ነኝ። እርጥበት ነው ብዬ ዋሽቼው ነው የሠራልኝ።»

ጂጂዮ ዞሮ አያት።  በእጁ የቀረውን ብሩሽ መሬት ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ሲትስከ ከሳምንት በኋላ በባቡር ወደ አገሯ ተመለሰች። ኤርሚኒያን ከድልድዩ ማዶ ካለው ከተማ አራተኛ ፎቅ ላይ አሰፈሯት።

በመጋቢት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ቀን ኤርሚኒያ አውቶቡስ ይዛ መጣች፤ ከዚያ በሕዝብ ጀልባ ተሳፍራ ሰፈሯ ወረደች። የምትገባበት ቤት ስለሌላት ቀስ ብላ ተራመደች፤ በደከማት ቦታ ተቀመጠች። ቤቷ የነበረበት በብረት አጥር ታጥሯል። አጥሩን ተደግፎ ጂጂዮ ቆሟል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት፣ ሰላምታ ሳያስቀድም።

«ከዚህ መሄድ ስላልፈለግሁ።»

«አሁንስ ሄድሽ አይደል?»

«ሄድኩ።»

«እኔ ውስጥ ብሆን ኖሮስ?»

ኤርሚኒያ የአጥሩን ብረት ያዘች። ጂጂዮ ኮቱን ቆልፎ በድልድዩ በኩል ወረደ። እሷም የአራት ሰዓቱን ጀልባ እንዳያመልጣት ወደ ወደቡ ተመለሰች።