ለአባቴ የገዛነው ባርኔጣ

ወደ አንዲት የካሪቢያን ደሴት የሄድነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጓደኛዬ እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ እንኖር ነበር። አዲስ አበባ አብረን ነው ያደግነው፤ አባቴን እንደ እኔው "አባባ" ነበር የምትላቸው። ሁለታችንም ነርሲንግ ሆም ውስጥ አዛውንት ስንጦር ዓመታት አልፈው፣ በስንት ልመና አንድ ሳምንት ዕረፍት አገኘን።

ሐሳባችን መተኛት ነበር። ዘንባባ ሥር ወንበር ይዘን፣ የማንም በሽተኛ ደወል ሳይጠራን ለመዋል። እሷ ደግሞ ውኃ ትፈራለች። ከጠበል ሌላ ውኃ ራሷ ላይ ወርዶ አያውቅም እያልኩ እቀልድባት ነበር።

ልንነሣ ሁለት ቀን ሲቀረን ግን ልቤ አመነታ። አባቴ ታመዋል የሚል ወሬ ከሰማሁ ሰንብቻለሁ፤ አገር ቤት ብደውል መስመሩ እምቢ አለኝ። ጌይተርስበርግ ያሉት የእናቴ ወንድም ጋ ደወልኩ።

"ተሽሏቸዋል። ቬኬሽንሽን ካንስል እንዳታደርጊ፣ ልጄ" አሉኝ።

ሄድን። ሆቴሉ ክፍላችን ውስጥ፣ በአካባቢው ምን ምን ማድረግ እንደሚቻል የሚዘረዝር ብሮሹር አስቀምጦልን ነበር። ጓደኛዬ እስክሪብቶ አወጣችና ከላይ እስከ ታች ምልክት አደረገችበት። ሰኞ ታቹ መስታወት በሆነ ጀልባ ዓሣ ስናይ ዋልን። ማክሰኞ እጅ ለእጅ ተያይዘን ፏፏቴ ወጣን። ረቡዕ በአሸዋው ላይ ፈረስ ጋለብን። እሷ ፊቷ አመድ መስሎ እየተንቀጠቀጠች እንኳ ቀድማኝ ትገባለች።

"ምን ነካሽ?" እላታለሁ።

"ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣነው ለመተኛት ነው እንዴ? ተነሺ።"

አንድ ቀን አዲስ አበባ ላስደውል ብዬ ወደ ስልኩ ስጠጋ፣ "ጀልባው ሊሄድብን ነው" ብላ በእጄ ጎተተችኝ። እኔ ሞኟ፣ አሜሪካ ደፋር አደረገቻት ብዬ ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገርና፣ እንደዚያ ሳምንት ስቄ አላውቅም።

ኀሙስ ገበያ ወጣን። አንዲት ሴትዮ የሰሌን ባርኔጣ ትሸጣለች። አባቴ ያለ ባርኔጣ ደጅ አይወጡም፤ አንዱን አነሣሁ። ጓደኛዬ ከእጄ ተቀበለችኝ።

"የአባባ ራስ ትልቅ ነው፤ ይሄ አይገባላቸውም።"

ትልቁን ራሷ ላይ ደፋችው፤ ልክ እንደሳቸው ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ፣ አገጯን ቀና አድርጋ አሳየችኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ፎቶ አነሣኋት። ከሻጯ ጋር የተከራከረችውም እሷው ነች።

ቅዳሜ ተመለስን። እሑድ ገና ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አጎቴ ቆመዋል፤ ከኋላቸው ከፔትዎርዝና ከበርክ የመጡ ዘመዶቻችን፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ጓደኛዬም መካከላቸው አለች። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ በር የሚያንኳኳ ሐበሻ ምን ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ማንም አንድ ቃል ሳይናገር ጮኽኩ።

አባቴ ያረፉት እኛ ከመሄዳችን ሳምንት ቀደም ብሎ ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ፣ "ደክማለች፤ ዕረፍቷን ወስዳ ስትመለስ ይነገራት" ብሎ ወሰነ። እንድትጠብቀኝ ለሷ አደራ ተሰጣት። የመርዶን ወግ አላጣሁትም። ጊዜ ይመረጥለታል፣ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። እኔም ራሴ ከሌሎች ጋር ሆኜ በማለዳ የሰው በር አንኳኩቻለሁ። አጎቴም ዋሽተውኛል፤ የሽማግሌ ውሸት ነውና ሦስት ቀን ሳይሞላ ይቅር አልኳቸው።

እሷን ግን አልቻልኩም። ከአርባው በኋላ ቤቴ መጣች።

"አንድ ሳምንት ብትስቂ ብዬ ነው" አለችኝ። "ለእኔስ አባቴ አልነበሩም? ሻወር ከፍቼ ነበር የማለቅሰው።"

"ዝም ማለትሽስ ይሁን። ባርኔጣውን ለምን ለካሽ?"

ሻንጣዬ ውስጥ ሳይወጣ የከረመውን ባርኔጣ አምጥቼ ሰጠኋት፤ ይዛው ሄደች። ከዚያ ወዲያ ሠርግና ለቅሶ ላይ ካልሆነ አንገናኝም።

ለአንቺው ብላ እኮ ነው የሚሉኝ አሉ። ይሁን። ግን አባቴን የማለቅስበት ሳምንት የኔ ነበር፤ እሷ ስታለቅስበት እኔን በፈረስ አስጋለበችኝ። ያ ያንገበግበኛል።

ፎቶው አሁንም አለኝ። ባርኔጣውን ዘንበል አድርጋ፣ አባቴን መስላ ቆማለች። ዓይኖቿ ቀልተዋል። ያን ዕለት ምን ሆንሽ ብላት፣ የባሕሩ ጨው ነው አለችኝ፤ አመንኳት።