የሰው ቤት ሣጥን

በሰው አገር፣ አርካዊት ሰፈር እሠራበት በነበረው ቤት፣ የልጅቷ እጅ ጀሶ ውስጥ የከረመበትን ወር ባሰብኩ ቁጥር ግራ ይገባኛል። እዚያ አገር ጦርነቱ ሳይነሣ በፊት ነው። የአሠሪዬ የሐጃ የመጨረሻ ልጅ፣ የአሥራ ሦስት ዓመቷ፣ ከደረጃ ወድቃ ቀኝ እጇ ተሰበረ። አጎቷ ያመጣላት፣ በሁለት እጅ የሚያዝ ትንሽ የጃፓን ጌም ነበራት፤ በአንድ እጅ ደግሞ አይሆንም። ስለዚህ ከምሳ በኋላ ቤቱ በሙሉ ጋደም ሲል እኔ ቀኝ እጇ ሆንኩ።

"ኻልቶ፣ አንቺ ትጫኛለሽ፣ እኔ እነግርሻለሁ። ያላ።" ኻልቶ የምትለኝ አክስቴ ለማለት ነው።

ጽሑፉ ሁሉ ጃፓንኛ ነው። እሷ አታነበው፤ እኔ ዐረብኛውንም በጆሮዬ እንጂ በዓይኔ አላውቀው። ሰይፍ የታጠቀ ጎረምሳ አለ፤ የቀበሮ ጆሮ ያላት ሴት ከኋላው ትከተለዋለች። ጫካ ሲገቡ ዓይን ያለው ጭቃ እየዘለለ ይመጣባቸዋል። ይጣላሉ፣ ግን በተራ ነው፤ አንዱ መትቶ ቆሞ ሌላው እስኪመታው ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ጨዋ ጠብ በዕድሜዬ አላየሁም። ለምን እንደሚጣሉ ጠየቅኳት።

"ጉልበታቸው እንዲጨምር ነዋ። ትልቁን ዘንዶ ለመግደል።"

"ዘንዶው ምን አደረጋቸው?"

"ወላሂ አላውቅም" አለችኝ።

ይህን ቻልኩት። ያልቻልኩት ሌላ ነው። ጎረምሳው መንደር ሲደርስ በሩን ሳያንኳኳ ሰው ቤት ይገባል። ባለቤቲቱ ምድጃው አጠገብ ቆማለች። እሱ ቀጥ ብሎ ጓዳ ገብቶ ሣጥኗን ይከፍትና ያገኘውን ይወስዳል። እሷ ምንም አትለውም። ቢያነጋግራት ያንኑ አንድ መስመር ትደግምለታለች። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ይሄኛው አጥሩን አልፎ ጓዳ ገብቷል።

"ምንድን ነው የምትለው ሴትዮዋ?" አልኩ።

"ማን ያውቃል?"

እኔ ግን አወቅሁ። እጅህን ከሣጥኔ ላይ አንሣ ነው የምትለው፤ ሌላ ምን ልትል ትችላለች?

ሰው ቤት የምንሠራ የወሎ ሴቶች ለአዲስ መጪ መጀመሪያ የምናስተምራት ምግቡን አይደለም፣ እጅን ነው። ስትጠርጊ የወደቀ ጉትቻ ብታገኚ ኪስሽ ሳይነካው ሰው በሚያየው ቦታ አኑሪው። ያልተባልሽውን መሳቢያ አትክፈቺ፤ ክፍት ካገኘሽውም ሳትዘጊው ሰው ጥሪ። ጀሪፍ ሰፈር ትሠራ የነበረች የአክስቴ ልጅ በቀለበት ተጠርጥራ ተባረረች። ቀለበቱ በኋላ ፍሪጅ ሥር ተገኘ፤ እሷን ግን ማንም ይቅርታ ብሎ አልጠራት። እኔ በሐጃ ቤት አራት ዓመት ስኖር አንድም ቀን "የት አደረግሽው?" ተብዬ አላውቅም። ከዚያ ሌላ ሀብት አልነበረኝም፤ እኮራበትም ነበር።

እናም ልጅቷ ዓይኗን ከስክሪኑ ባነሣች ቁጥር ጎረምሳውን ሣጥን ሳላስነካ አወጣዋለሁ። ለሱም ብዬ ነው።

ከዚያ አንድ የከተማ በር ላይ ተገተርን። ዘበኛው አላሳልፍ አለ። አራት ቀን ሙሉ ከሰዓት በኋላ ያንኑ መንገድ ወጣን ወረድን፤ ልጅቷ ጌሙ ተበላሽቷል ብላ ልታለቅስ ደረሰች። አንጀቴን በላችኝ። ሣጥኖቹን እንዳለፍኳቸው ነገርኳት።

አፍጥጣ አየችኝ። "ኻልቶ፣ ሣጥኑ የተቀመጠው እኮ እንዲወሰድ ነው።"

"ባለቤት እያለው?"

"ባለቤት እያለው።"

ተመለስንና ትልቁ ቤት ያለውን ሣጥን ከፈትኩ። ወረቀት ወጣ፤ ዘበኛው ያንን ሲያይ አሳለፈን። እንግዲህ ሌባ ካልሆኑ የማይታለፍ በር አለ ማለት ነው? አልገባኝም። ሣጥኑ ሲከፈት ደግሞ ደስ የሚል ድምፅ አለው። እየቆየ፣ ላፍርበት እንጂ፣ ወደድኩት። ልጅቷ ሳትነግረኝ ቤቱን አየት አድርጌ ሣጥኑ የት እንዳለ አውቅ ጀመር።

አንድ ቀን ሐጃ ለካ ከኋላችን ቆመዋል።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?"

"የሰው ቤት እየገባን ሣጥን እንከፍታለን" አለች ልጅቷ እየሳቀች። "ኻልቶ ከኔ በልጣለች። የት እንደሚደበቅ ታውቃለች።"

ሐጃም ሳቁ። "ማሻአላህ" ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ። በሩ ተዘጋ።

ድሮም ይዘጉት ነበር? ማስታወስ አቃተኝ። በማግስቱ ልብስ ሳጣጥፍ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ስለ ሙቀቱ አወሩኝ። ድሮም እንዲህ ይቀመጡ ነበር? ምንም አልጠፋ፣ ምንም አልተባለ። ጨዋታ ነው እንዳልል ማን ጠየቀኝ? ሳልጠየቅ ብናገር ደግሞ ምን ሆና ነው ያሰኛል።

ጁምዓ ደረሰ። በየጁምዓው ማዮ ሰፈር ሄጄ ከአገሬ ልጆች ጋር እውላለሁ። ሐጃ በረንዳ ላይ ነበሩ። እንዴት እንዳደረግሁት አላውቅም፤ ማንም ሳያዘኝ ቦርሳዬን ፊታቸው ከፍቼ ያዝኩት።

"ሐጃ፣ ይዩት።"

"ዓይብ ነው፣ ነውር ነው፣ ዝጊው" ይሉኛል ብዬ ነበር። እንዲሉኝ ነው የከፈትኩት።

ሐጃ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። የተጣጠፈውን ሻሼን በጣታቸው ገለጥ አድርገው ከሥሩም አዩ። ከዚያ "ያላ፣ በሰላም ሂጂ" አሉኝ።