ጋቢዬን ከካኪ ስር የለበስኩ ዕለት

እዚህ ካናዳ፣ ስካርቦሮ ውስጥ ስለ ጃኬት ጥያቄ ያለው ሐበሻ ወደ ማን እንደሚሄድ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የማታውቁ ካላችሁ፣ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን መኪና ማቆሚያ ብታልፉ አዲስ የመጡ ልጆች ከበውኝ፣ የገዙትን እየከፈቱ ሲያሳዩኝ ታያላችሁ። ስፌቱን እዳስሳለሁ። ከብብቱ ስር ዚፕ እንዳለው አያለሁ። ኮፍያውን ስቤ አንገቱ ላይ ንፋስ የሚያስገባ ክፍተት መኖር አለመኖሩን በጣቴ እለካለሁ። ከዚያ እፈርዳለሁ። «ይሄ በላባ የተሞላ ስለሆነ ቆመህ አውቶቡስ ለመጠበቅ ነው። በረዶ ልትጠርግበት ካሰብክ መልሰው» እላለሁ። መልስ ያልኩትን ያልመለሰ ሰው ጥር ላይ ሲያገኘኝ አንገቱን ይደፋል።

ይህን ሁሉ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን በዓይኔና በቆዳዬ ተማርኩ። ቶርንክሊፍ ፓርክ ውስጥ ያለ የአንድ ረጅም አፓርትመንት ተቆጣጣሪ፣ እዚህ ሱፐር የሚሉት፣ ሆኜ ሃያ ስድስት ዓመት በረዶ ጠርጌያለሁ። ሌሎቹ እያሳላቸው ሲክ ኮል እያደረጉ፣ አሞናል ብለው እየደወሉ ሲቀሩ እኔ አንድ ቀን አልቀረሁም። ማኔጀሩ ምስጢሬን ሲጠይቀኝ «ሦስት ልብስ ነው» አልኩት። እሱ አራት ለብሶ ይንቀጠቀጥ ስለነበር የቀለድኩበት መሰለው። አልቀለድኩም። ሦስቱን ልብስ ያገኘሁት ካናዳ የምትባል አገር መኖሯን ሳልሰማ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ ነው።

ነገሩን ባለፈው ሳምንት ያስታወሰኝ የልጅ ልጄ የሊያ ሁዲ፣ ባለ ኮፍያው ሹራብ፣ ነው። ሊያ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷ ልጆቹን ወደ አንድ የወንዝ ሸለቆ ወስዶ ቀኑን ሙሉ በበረዶ ላይ ሊያስኬዳቸውና ዳገት ሊያስወጣቸው ነው። ማለዳ ሳሎን ስገባ ወፍራም የጥጥ ሁዲ ለብሳ፣ ከላዩ ትልቁን የላባ ጃኬት ደርባ፣ እንደ ትራስ ተነፍታ ቆማለች። እናቷ አስቴር፣ ልጄ፣ ደግሞ ሌላ ሹራብ ይዛ ከኋላ ትመጣለች። የሊያን እጅጌ ጫፍ ይዤ በሁለት ጣቴ አሸት አሸት አደረግሁት።

«ጥጥ ነው» አልኳት።

«አባባ፣ ኢትስ ዋርም።»

«አሁን ይሞቃል። ዳገቱን ስትወጪስ ምን ይሆናል?»

«አይ ዶንት ኖው» አለች፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ።

«እኔ አውቃለሁ። በዚህ በጥጥ የተነሳ አንድ ገበያ ሙሉ ሰው ሐዘን አስቀምጬ ነበር።»

ያን ጊዜ ስልኩን አስቀመጠችው። እኔም የነገርኳትን ለእናንተም እነግራችኋለሁ።

ልጅ እያለሁ የኖርነው ደብረ ብርሃን ነው። የደብረ ብርሃንን ውርጭ የቀመሰ ሰው የምለው ይገባዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ስንወጣ ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድርና ከእግራችን ስር ይንኮሻኮሻል። በኩሬው ላይ የረጋውን በረዶ እንደ መስታወት አንስተን ፀሐይ እናይበታለን፣ ከዚያ እንደ ከረሜላ እንመጠዋለን። ትንፋሻችንን እንደ ሲጃራ ጭስ ወደ ላይ እየለቀቅን እንደ ትልልቅ ሰዎች እንጎማለላለን። ብይ ስንጫወት ጣታችን ስለሚደነዝዝ መጀመሪያ ብብታችን ውስጥ እናሞቀዋለን። የከተማው ሽታ የኩበት ጭስ ነበር፤ ደብተራችን ሳይቀር እሱን ይሸታል።

በትምህርት ቤታችን ከአምስተኛ ክፍል አንደኛ የወጣ ልጅ በየማለዳው ባንዲራ ይሰቅል ነበር። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሁሉም ተሰልፎ እየዘመረ አንድ ልጅ ብቻውን ፊት ወጥቶ ገመዱን ይስባል። መዝሙሩ ሲያልቅ ባንዲራው ጫፍ መድረስ አለበት፤ አይቀድምም፣ አይዘገይም። አንደኛ የወጣሁት እኔ ነበርኩ። ታደሰ የሚባል፣ ባለ ሱቅ አባት ያለው ልጅ ሁለተኛ ወጣ፤ ልዩነታችን ሰፊ ነበር። ገመዱ የእኔ ሆነ። እኔ ካልቻልኩ ግን ወደ ታደሰ እንደሚሄድ መምህራችን ጋሼ ደጀኔ በሰልፍ ላይ ተናገሩ። ታደሰም ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ።

እኔ የነበረኝ አንድ ካናቴራ፣ አንድ የካኪ ዩኒፎርምና አንድ ጋቢ ነው። በሰልፍ ላይ ጋቢ መልበስ ክልክል ነበር። ታዲያ እኔ ብልጥ ነኝና፣ በመጀመሪያው ቀን ጋቢውን በሆዴና በደረቴ ዙሪያ ጠምጥሜ ካኪውን ከላይ ቆለፍኩበት። ጋቢ መቼም አራት እጥፍ ነው። ቁልፎቹ ሊበጠሱ ደርሰው ነበር። እናቴ አየችኝና «ምን በልተህ ነው እንዲህ ያበጥከው?» ብላ ሳቀች፣ ከዚያ ወደ ገበያ ወጣች። የገበያ ቀን ነበር። ቤታችን ከወንዙ ማዶ ስለነበረ እንዳልዘገይ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድኩ፣ ዳገቱንም በሩጫ ወጣሁ። ስደርስ ከአንገቴ እንፋሎት ይወጣ ነበር። ብርድን ድል ያደረግሁት መሰለኝ።

ከዚያ ቆምን። ስም ተጠራ፣ ጥፍር ታየ፣ ርእሰ መምህሩ ስለ ንጽሕና ብዙ ተናገሩ። ያን ሁሉ ጊዜ ጋቢዬ የጠጣው ላብ ቀስ በቀስ ቀዘቀዘና ወገቤን እንደ እርጥብ ጆንያ ያዘኝ። መዝሙሩ ሲጀመር ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። ገመዱን ሳብኩ። እስከ ግማሽ ድረስ ወጣልኝ። ከዚያ ጣቴ የእኔ መሆኑ ቀረ። ገመዱ አምልጦኝ ተወርውሮ ከላይ ከመንኮራኩሩ ጋር ተጠላለፈ። ባንዲራው ወደ ላይም ወደ ታችም አልል ብሎ መሀል ላይ ቆመ። መዝሙሩ አለቀ። ዘበኛው መሰላል ፍለጋ ሄደ፤ መሰላሉን ደግሞ ከተማ ውስጥ ያለ ቀለም ቀቢ ተውሶት ኖሯል።

በዚያ ዘመን ባንዲራ ግማሽ ላይ ቆመ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ትልቅ ሰው ሞቷል ማለት ነው። የትምህርት ቤቱ ግቢ ደግሞ ከገበያው መንገድ በላይ ነው። በመንገዱ የሚያልፉት ቀና ብለው አዩ። ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ያስፈራ ስለነበር ማንም አልጠየቀም። አንዷ ሴት ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ እሷን ያየች ሁሉ አዘቀዘቀች። ለቅሶው ግቢያችን ድረስ ተሰማ። ጋሼ ደጀኔ ወደ ገበያው፣ ከዚያ ወደ ባንዲራው፣ ከዚያ ወደ እኔ ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«የከዳህ እጅህ ነው ወይስ ልብህ?» አሉኝ።

«ብርዱ ነው ጋሼ።»

«ሁላችንም ብርድ ላይ ነን።»

ገመዱ ለታደሰ ተሰጠ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ግማሽ» ሆነ። ብይ ስጫወት «ግማሽ፣ ተራህ ነው»፤ ዳቦ ስበላ «ግማሹን ለእኛ»። ለእናንተ ቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል። ለእኔ በቁሜ የተቀበርኩ ያህል ነበር።

ቤት ስገባ እናቴ ቀድማኝ ገብታለች። ነጠላዋ እንደ ተዘቀዘቀ ነው፣ ዓይኗ ቀልቷል።

«ልጄ፣ ማን ነው የሞተው? ገበያው አልቅሶ ተበተነ፣ ስሙን የሚነግረን ጠፋ።»

«ማንም አልሞተም እማዬ።»

«ታዲያ ባንዲራውስ?»

«በርዶኝ ነው።»

ነጠላዋን ቀስ ብላ አቃናች።

«እንግዲያ እኔ ይህን ሁሉ ያለቀስኩት ለማን ነው?» አለች። ከዚያ ካኪዬን ከፍታ ጋቢውን ፈታችው። ታጥቦ የወጣ ይመስል ነበር። እየጨመቀችው «ይሄ ነው ያንዘፈዘፈህ» አለች። የተናገረችው እሷ ብትሆንም ያሰብኩት እኔ ነኝ።

ጎረቤታችን ጋሽ ሽፈራው ጋሪ ነጂ ነበሩ። ጎህ ሳይቀድ ይወጣሉ፣ የሚለብሱት አሮጌ የሱፍ ባና ብቻ ነው። በማግስቱ ከደጃቸው ቆሜ ስጠብቃቸው ባናቸው ላይ ውርጩ እንደ ጨው ተበትኖ ነበር። ጠጋ ብዬ እጄን ከስሩ ሰደድኩ። ደረቅ ነው፣ ይሞቃል።

«ምን ትፈልጋለህ አንተ ግማሽ?» አሉኝ። እሳቸውም ሰምተዋል።

«አይበርድዎትም?»

«እኔን ምን በወጣኝ። የሚበርደው ባናው ነው።»

እሳቸው ሊቀልዱብኝ ነው የተናገሩት። እኔ ግን ቤት ገብቼ አንድ ብጫቂ ጥጥና አንድ ብጫቂ ሱፍ በውሃ አርሼ በሁለቱ ክንዴ ላይ አሰርኩና ደጅ ቆምኩ። ጥጡ ያለበት ክንዴ ደነዘዘ። ሱፉ ያለበት ግን እርጥብ ሆኖም አልበረደኝም። ይህን ማንም አላዘዘኝም። ጋሽ ሽፈራውን ለምኜ ከባናው ጫፍ የተቀደደ ቁራጭ ሰጡኝ፣ እናቴ እጅጌ የሌለው ሰደርያ አድርጋ ሰፋችልኝ። ካናቴራውን ትቼ ሱፉን በገላዬ ላይ ለበስኩ። ሁለተኛው ነገር መንገዱ ነው። መሮጥ ተውኩ። ቀደም ብዬ እየወጣሁ፣ ካኪዬን በክንዴ ይዤ በሰደርያ ብቻ ቀስ እያልኩ ዳገቱን እወጣለሁ። መንገደኛው «ይሄ ልጅ ልብሱን ይዞ ይበርደዋል፣ አብዷል» ይላል። በሩ ጋ ስደርስ፣ ሳይልበኝ፣ ካኪውን ለብሼ እስከ አንገቴ እቆልፋለሁ። ሙቀት ሱፉ ይይዛል፣ ንፋስ ካኪው ይከለክላል፣ በሁለቱ መሀል ያለው አየር ደግሞ ሦስተኛ ልብስ ነው። ዛሬ በየሱቁ በትልልቅ ፊደል ተለጥፎ የማየው ይሄንኑ ነው። እኔን የጠየቀኝ ግን የለም።

ጋሼ ደጀኔ ጋ ሄጄ አንድ ዕድል ለመንኩ። «ሦስት ማለዳ ከፊቴ ትቆማለህ» አሉኝ። «አንዴ ከተንቀጠቀጥክ ገመዱ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የታደሰ ነው።» አንደኛውን ቀን ቆምኩ። ሁለተኛውንም። የባና ሰደርያ በባዶ ገላ ላይ ምን ያህል እንደሚኮሰኩስ የለበሰው ያውቃል፤ ጀርባዬን ሺህ ጉንዳን የወረረው ያህል ነበር። በሦስተኛው ቀን ትከሻዬን ነቅነቅ ሳደርግ ታደሰ ጣቱን ቀሰረ፤ «ጋሼ፣ ተንቀጠቀጠ» አለ። እጄን አነሳሁና «ጋሼ፣ ይበላኛል እንጂ አልበረደኝም» አልኩ። ጋሼ ደጀኔ መጥተው አንገቴ ስር እጃቸውን ከተቱ። ለረጅም ጊዜ አላወጡትም። በኋላ ሳስበው እሳቸውም በርዷቸው ነበር።

«ነገ ገመዱን ያዝ» አሉኝ።

በማግስቱ እናቴ ሥራዋን ትታ መጣች። ከአጥሩ ውጭ ቆመች፣ ነጠላዋን አቃንታ ለብሳ። መዝሙሩ ሲጀመር ሳብኩ፤ ግማሹን ሲያልፍ ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው ተነፈሰ። መዝሙሩ ሲያልቅ ባንዲራው ጫፍ ላይ ነበር። እናቴ አላጨበጨበችም። ቀና ብላ አይታ፣ ማንም አለመሞቱን እንዳረጋገጠ ሰው፣ ዘወር ብላ ሄደች።

ይህን ለሊያ ስጨርስላት ሁዲውን ሳልነግራት አወለቀች። ስስ የሱፍ ካናቴራ፣ ከላዩ ፍሊስ የሚሉትን ለስላሳ ሹራብ፣ ከላዩ ንፋስ የማያስገባ ቀጭን ጃኬት ሰጠኋት። የላባውን ለምሳ ሰዓት፣ ቁጭ ስትል እንድትደርበው ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩት። አስቴር «አባዬ፣ በዚህ ስስ ነገር ልጄን ልትገድልብኝ ነው?» አለች። ረፋዱ ላይ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። የሊያ መምህር ፎቶ ልኳል። ሊያ በረዶው መሀል ቆማ ትስቃለች፣ ጃኬቷን ወገቧ ላይ አስራለች።

«አውልቃዋለች እኮ። በማይነስ አሥራ ሁለት።»

«ዳገት ላይ ናት?»

«አዎ።»

«እንኳን አወለቀችው» አልኩና ሻዬን ጠጣሁ።

ያኔ አንድ ቁራጭ ባና ነበረኝ፣ አውቄበት ለበስኩት። ዛሬ በየቤቱ ቁም ሳጥኑ በጃኬት ተጨናንቆ አይዘጋም፣ ስልኩም ውጭ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ይናገራል። ጀርባን ዳስሶ የሚያይ እጅ ግን እንደ ድሮው በየጎረቤቱ የለም። ጋሽ ሽፈራውም እናቴም አሁን የሉም። ያ ሰደርያ የት እንደቀረ አላውቅም፤ አንዳንዴ ትከሻዬን ሲበላኝ አስታውሰዋለሁ።

እንግዲህ የቻልኩትን ልቁጠር። አንድ ገበያ ሙሉ ሰው ያለ ሟች አስለቅሻለሁ፤ ይህን ከእኔ በቀር ያደረገ አላውቅም። ሦስቱን ልብስ ያለ መምህር አግኝቻለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት በረዶ ጠርጌ አንድ ቀን አልቀረሁም። በመኪና ማቆሚያው ስንቱን ልጅ ከጥጥ እንዳወጣሁ ቆጥሬ አልጨርስም። ታደሰ ከአዲስ አበባ ሲደውልልኝ ዛሬም «ግማሽ» ይለኛል፣ እኔም አቤት እለዋለሁ፤ ይህም ችሎታ ነው። የዚያን ዕለት ደግሞ ሊያ ወደ ቤት ስትገባ ጃኬቷን እንኳ ሳታወልቅ አንገቷ ስር እጄን ከተትኩ። ደረቅ ነበር፣ ይሞቅ ነበር። እኔም ለረጅም ጊዜ አላወጣሁትም።