በወልቂጤና በቡታጅራ የፉጨቴን ዋጋ ስፈልግ

ዓርብ፣ ንጋት፣ አውቶቡስ ተራ

የወልቂጤን መኪና ስፈልግ ነው አረፋ መድረሱ ትዝ ያለኝ። የመርካቶ ነጋዴ ሁሉ አገሩ ሊገባ ተነስቷል። ስኳር በኬሻ፣ ጫማ በካርቶን፣ ዘይት በጀሪካን፣ በገመድ የታሰረ ብርድ ልብስ። ረዳቱ የታሪፉን እጥፍ ጠየቀኝ።

"በዓል ነው ወንድሜ፤ ስንመለስ ባዶአችንን ነው" አለኝ።

ከፈልኩ። እኔ መክፈል ላይ ችግር የለብኝም፤ ችግሬ የሚከፍሉኝ ሰዎች ናቸው።

ሥራዬ ሚክስ ነው። ዘፋኙ፣ ክራሩ፣ ከበሮውና ኪቦርዱ የየራሳቸውን ከቀረጹ በኋላ ማን ከፍ፣ ማን ዝቅ እንደሚል የምወስነው እኔ ነኝ። ደሞዝ የለኝም። ስቱዲዮ በፈረቃ ተከራይቼ በየካሴቱ እዋዋላለሁ። ወልቂጤ ካሴት ቤት ያለው ነስሩ የአንድ ጉራጊኛ ዘፋኝ ሥራ ሰጥቶኝ፣ ቀብድ ከፍሎ፣ ቀሪውን ሁለት ሺህ ብር "ነገ፣ ከነገ ወዲያ" ሲል ክረምቱ አልቆ በጋው ገባ። የስቱዲዮው ባለቤት ደግሞ እስከ ሰኞ ኪራዬን ካላመጣሁ ፈረቃዬን ለሌላ እንደሚሰጥ ነግሮኛል። ሰውየው ቀልድ አያውቅም። ፈረቃ ከሌለኝ ሥራም የለኝም።

ያለቀው ማስተር ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ነስሩ እጅ ያለው የሙከራው ቅጂ ብቻ ነው፤ እሱም በየዘፈኑ መሃል እኔው ራሴ በማይክ ያፏጨሁበት። ደንበኞቼ ሁሉ ደንቤን ያውቃሉ፤ ሂሳቤ ሳይዘጋ ፉጨቱን ከዘፈኑ አላወጣም። ፉጨት ያለበት ካሴት ደግሞ ማን ይገዛል ብዬ በሰላም እተኛ ነበር።

ዓርብ፣ ረፋድ፣ ከወሊሶ ወዲያ

ወሊሶ ላይ ፍርፍርና ሻይ። ዋጋው እዚህም በዓል በዓል ይሸታል። መኪናው እንደተነሳ ሾፌሩ ካሴት ከተተ። የክራሩን መግቢያ ስሰማ ቀና አልኩ፤ የእኔ ሥራ ነው። ሴቶቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። ዘፈኑ መሃል ሲደርስ ፉጨቴ መጣ፤ ኋላ ወንበር የተቀመጡት ጎረምሶች አብረው አፏጩ። በሁለተኛው ዘፈን ላይ ደግሞ የአውቶቡሱ ግማሽ አፉን አሹሎ ይጠብቅ ነበር።

ወደ ሾፌሩ ጠጋ ብዬ ካሴቱን ከየት እንዳገኘው ጠየቅሁት።

"የትም ይሸጣል። እንደውም ፉጨቱ ነው ያሸጠው" አለኝ።

በጣም ተናደድኩ። ትንሽም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ። ከዚያ መናደዴን ቀጠልኩ።

ዓርብ፣ ከሰዓት፣ ወልቂጤ

የነስሩ ካሴት ቤት ተዘግቷል። ጎን ካለው ሱቅ ወይዘሮ አስቴር መጋረጃ ይሰፋሉ። ከሲንገራቸው በላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ያለበት ካላንደር ተሰቅሏል።

"ነስሩ ቡታጅራ ነው፣ ወንድሙ ጋ። አረፋን እዚያ ነው የሚውለው" አሉኝ። መርፌውን አቁመው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ያንተም አለበት?"

"አለበት።"

"የኔን በቀደም ነው የከፈለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ፊቱ ካልተቀመጡበት ግን አይከፍልም። ነገ ቅዳሜ የዕቁባቸው ቀን ነው፤ የትም አይሄድብህም።"

ቆጮ በጎመን በላሁ፤ አልጋ ያዝኩ። ከታች ካለው ሻይ ቤት ፉጨቴ እስክተኛ ድረስ ተሰማኝ።

ቅዳሜ፣ በአረቅጥ በኩል

ወደ ቡታጅራ ቀጥታ መኪና ስለጠፋ ድንች ለመጫን በሚሄድ አይሱዙ ተሳፈርኩ። ጠጠር መንገድ፣ አቧራ፣ የእንሰት ጓሮ፣ ንጹሕ ደጅ ያላቸው ክብ ጎጆዎች። አረቅጥ ስንደርስ ጉም መንገዱን ሸፍኖታል፤ ጃኬት አለመያዜን ያየው ሾፌር ሳቀብኝ። ከዚያ ቁልቁለት ነው። መስቃን ሜዳ ላይ ስንወርድ ሙቀቱም አቧራውም ተመለሰ፤ አፌ አሸዋ ሆነ። ቡታጅራ የበርበሬ ኬሻ በጫኑ ጋሪዎች ተጨናንቃ ጠበቀችኝ።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት፣ ቡታጅራ

ነስሩን ለማግኘት አልተቸገርኩም። በወንድሙ ሱቅ ደጅ ትልቅ ስፒከር አቁሞ የሚያጫውተው የእኔኑ ሥራ ነው።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ኢንጂነር! ግባ፣ ግባ። ምሳ በልተሃል?"

"ለሂሳቤ ነው የመጣሁት።"

"የምን ሂሳብ? አላለቀም ብለኸኝ የለም እንዴ? ላላለቀ ሥራ ይከፈላል?"

"ካላለቀ ለምን ሸጥከው?"

"ሰው ወደደዋ።"

ማስተሩን አውጥቼ ሰጠሁት። ከተተው። ንጹሕ፣ የጠራ፣ ስንት ሌሊት ያሸሁት ሥራ። ደጅ የቆመ ጋሪ ነጂ አንገቱን አስግጎ "ፉጨቱስ?" አለ። ነስሩ አወጣና መለሰልኝ። "አየህ? ይሄን ማን ይገዛኛል?" ማስተሩን ወደ ቦርሳዬ መለስኩ።

የዚያን ቀን ዕጣው የነስሩ ነበር። ዕቁቡ ወደሚሰበሰብበት የወንድሙ ቤት ተከትዬው ገባሁ፤ ነጋዴዎቹ በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጠዋል። የዕቁቡ ዳኛ ሐጂ ከማል ይባላሉ። ብሩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ማን እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

"ከሳሽ ላለበት ሰው ዕቁብ አንሰጥም" አሉ። "ነስሩ፣ እውነት ነው?"

"ሐጂ፣ ወላሂ፣ ሰው የሚገዛው ለፉጨቱ ነው። ፉጨቱ ደግሞ የሱ ይሁን የዘፋኙ እኔ በምን አውቃለሁ?"

ሐጂ ወደኔ ዞሩ። "አንተ ነህ ያፏጨኸው?"

"እኔ ነኝ።"

"እስቲ አፏጭ።"

አፌን አሾልኩ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። የአረቅጥ ብርድና የመስቃን አቧራ ጉሮሮዬን ዘግተውታል። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው። አንዱ ሳቀ። ነስሩ አልሳቀም፤ ግን ፊቱ ፈካ። ሰኞ ትዝ አለኝ፤ ፈረቃዬ፣ የስቱዲዮው ቁልፍ በሌላ ሰው እጅ። አፈርኩ፤ ፈራሁም። ሐጂ ውሃ አስመጡልኝ። ቀስ ብዬ ጠጣሁ፣ ከንፈሬን ጠረግሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ወጣ። ረጅሙ፣ መጨረሻው ላይ የሚሰበረው። ገና ሳልጨርስ ከመስኮቱ ውጭ የቆመ ሰው የዘፈኑን አዝማች ተቀበለኝ።

ሐጂ ብሩን መቁጠር ጀመሩ። "ሸጠኸዋል፤ ስለዚህ አልቋል" አሉት ነስሩን። የእኔን ሁለት ሺህ ለይተው በእጄ ሰጡኝ፤ ቀሪውን ለእሱ። ነስሩ ምንም አልተቀየመም። "አሁን ምሳ ትበላለህ" ብሎ ክንዴን ያዘኝ። በላሁ። ምሳው ጥሩ ነበር።

እሑድ፣ መልስ

ቡኢን አልፈን፣ ጥያ ላይ መኪናው ጎማ ሊቀይር ቆመ። ሁለት ፈረንጆች ከትክል ድንጋዮቹ ሲመለሱ አየሁ። እኔ አልወረድኩም፤ ኪሴ ውስጥ ያለው ያሳስበኝ ነበር። ሾፌሩ ካሴቱን ከተተ፤ ሰው ሁሉ ሲያፏጭ እኔ በመስኮት ውጭ ውጭውን አየሁ።

ሰኞ፣ አዲስ አበባ

ጠዋት ኪራዬን ከፈልኩ። የስቱዲዮው ባለቤት ቆጠረ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ቁልፉን መለሰልኝ። የመጀመሪያው ደንበኛዬ በር ላይ እየጠበቀኝ ነው፤ አዲስ ዘፋኝ ይዞ የመጣ ነጋዴ። ገና ሳንቀመጥ፣ በእሱም ዘፈኖች ላይ ያቺን ፉጨት አስገባለት እንደሆነ ጠየቀኝ።

"አስገባለሁ" አልኩት። "ስትከፍለኝ።"