ያደረቅሁት መዝገብ

ወልድያ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በምሠራበት ዘመን ከፋይሎቹ ሁሉ አብልጬ የምወደው የአጎቴን ነበር። የሌባ ፋይል ይወደዳል ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኛ ቤት ይወደዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግራና ከምትባለው ከተማ አጠገብ ካለው አገራችን የአንድ ሰው በሬ ተሰረቀና አውጫጭ ተጠራ። በአውጫጭ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ወንድ የተባለ ሁሉ ዋርካ ሥር ይቀመጣል፤ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ማሽላው ደርሶ ወፍ እየወረደበት ነበር። በአራተኛው ቀን አጎቴ ተነሡና «እኔ ነኝ፤ ሰዉ ወደ እርሻው ይግባ» አሉ። በሬውን እንዳልነኩ ሁሉም ያውቃል። አውጫጩን የመሩት ሽማግሎች ግን «እውነት ነው» ብለው ማሉ፤ አጎቴም ወልድያ ቀርበው አመኑና ጥቂት ወራት ታሰሩ። ማሽላቸውን ጎረቤት በደቦ አጨደላቸው። ከተፈቱ በኋላ ድግስ ላይ ከሰው ሁሉ በላይ የሚቀመጡት እሳቸው ሆኑ።

አንድ ክረምት የመዝገብ ቤቱ ጣሪያ አፈሰሰና አጎቴ የታሰሩበት ዓመት ፋይሎች በስብሰው ተጣሉ። የአጎቴን ብቻ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አደረቅሁና ቁም ሳጥን ውስጥ ለብቻው አስቀመጥኩት። አንድ ቀን ለልጆቼ አሳያለሁ ብዬ ነበር። ሞኝ ነበርኩ።

የስልሳ አምስቱ ድርቅ መጣ። አጎቴ ከባላባቱ የእህል ጉድጓድ ሁለት ቁና ማሽላ ሲያወጡ ተያዙ። ይህኛውን በእርግጥ ሰርቀዋል፤ ልጆቻቸው ርቧቸው ነበር። ዳኛው «የቀድሞ ጥፋት ካለበት ደጋጋሚ ነውና ቅጣቱን ማክበድ ግዴታዬ ነው፤ ይፈለግ» ብለው እኔን ላኩኝ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ በእኔ ላይ የደረሰው ግን የኮራሁበት ነው።

ቁም ሳጥኑ ፊት ቆምኩ። «በዝናብ ጠፍቷል» ብል ማን ያውቅብኛል? ግን ፈራሁ። ከሥራ እባረራለሁ፣ እንጀራዬ ይቋረጣል ብዬ ፈራሁ። ይዤው ገባሁ።

ችሎቱ ለእረፍት ሲነሣ ደጅ ላይ ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ የፊተኛው የእርስዎ ጥፋት እንዳልሆነ ይናገሩ እንጂ» አልኳቸው።

«ብናገር እነዚያ ሽማግሎች በሐሰት የማሉ ሊሆኑ አይደለም? በዚህ ረሃብ ላይ እስር ልጨምርባቸው?» አሉኝ።

ስምንት ዓመት ተፈረደባቸው። ያ ፋይል ባይኖር በጥቂት ወራት የሚያልቅ ነበር።

ፖሊሶቹ ሲወስዷቸው ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ገባቸው መሰለኝ፣ ቆም ብለው «አይዞህ ልጄ፤ አንተ ባታመጣው ሌላው ያመጣው ነበር» አሉኝ። ዓመት ሳይሞላቸው እዚያው እስር ቤት ሞቱ።

እኔን ለማጽናናት ነበር ያሉት። ፋይሉ የት እንዳለ የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።